ሆድ ለባሰው ልጅ ፊደል ከማስቆጠር በፊት

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ አስጠናው ነበር። የዚያን ቀን የያዝነው አንቀጽ አራት መስመር ብቻ ነው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ «በፈር» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም «በፈር»። ታናሽ እህቱ ከወዲያ ሆና «ሰፈር ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። እርሳሱን ብድግ አደረገና ቀጭ አድርጎ ለሁለት ሰበረው።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ተናደድክ?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ እርሳሱ ምን አደረገህ?»

«እኔ እንጃ አልኩ እኮ!»

ያኔ እልኸኛ መስሎኝ ነበር። «ዛሬስ ዓመሉ ተነስቷል» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። «እኔ እንጃ» ያለው ከልቡ ነው። ውስጡ የሆነ ነገር ይንተከተካል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስሙን የማያውቁትን ነገር ደግሞ ለሰው መንገር አይቻልም። ያለው አማራጭ እርሳስ መስበር ነበር።

የመማር እክል ላለባቸው ልጆች ስለሚሰጥ የስሜታዊ ብልህነት ሥልጠና ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ እርሳስ ነው። ነገሩ ስሙ ሲጠራ ከባድ ይመስላል። ሲፈቱት ግን ያን ያህል አይደለም።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «የመማር እክል» ማለት ልጁ አይገባውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሁር ሳሙኤል ከርክ በ1963 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወላጆች ሲናገሩ ነው ስያሜውን ያስተዋወቁት። በዚህ ስም የሚጠሩት የማሰብ አቅማቸው ደህና ሆኖ ሳለ ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ሒሳብ ተለይቶ የሚከብዳቸው ልጆች ናቸው። ንባብ ሲሆን ዲስሌክሲያ፣ ጽሕፈት ሲሆን ዲስግራፊያ፣ ቁጥር ሲሆን ዲስካልኩሊያ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት እንዲህ ያለ እክል እንዳለባቸው ያስቀምጣል። 40 ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡት። ከ2 እስከ 6 ልጅ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እንግሊዞች ተመሳሳዩን ስያሜ ለአእምሮ እድገት ውስንነት ነው የሚጠቀሙበት። ስለዚህ ከኢንተርኔት የተገኘ ምክር ሁሉ ለእናንተ ልጅ የተጻፈ ላይሆን ይችላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆችም ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መንገዶች ይሠራሉ። ለእነሱ ግን እርምጃው ይቀንሳል፣ ሥዕሉ ይበዛል፣ ድግግሞሹም ይረዝማል።

«ስሜታዊ ብልህነት» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ በጥናት መልክ ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው፤ ዘመኑ 1990 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ዳንኤል ጎልማን በመጽሐፍ ሲያወጣው ዓለም ሁሉ አወቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለጥፎበታል፤ ከአመራር ሥልጠና እስከ ሽያጭ ድረስ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያሉት ግን ቀላል ነው። የራስንም የሌላውንም ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ ስሜት ሐሳብን እንዲያግዝ ማድረግ፣ ስሜት ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መረዳት፣ በመጨረሻም መያዝ መቻል። መያዝ ማለት ደግሞ ማፈን ማለት አይደለም።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ፊደል የሚምታታበት ልጅ ስሜቱ ለምን ይምታታበታል? ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

አንዱ መገናኛ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ የንባብ እክል ያለባቸው ልጆች ቃል ፈጥኖ አይመጣላቸውም። ሲጣሉ ሌላው ልጅ አሥር ቃል ተናግሮ ሲጨርስ እነሱ ገና የመጀመሪያውን እየፈለጉ ነው። ቃል ሲጠፋ እጅ ይቀድማል። ሌላው መገናኛ ፊት ማንበብ ነው። ፊደልና ንባብ ላይ ደህና ሆነው የሰው ፊት፣ የድምፅ ቃና፣ የቀልድና የቁም ነገር ልዩነት የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ። «በጣም ጎበዝ ነህ!» ተብሎ ሲሾፍበት «አመሰግናለሁ» የሚል ልጅ ገጥሟችሁ ይሆናል።

በእኔ እምነት ግን ዋናው መገናኛ እፍረት ነው። አስቡት። ልጁ በቀን 6 ሰዓት በማይችለው ነገር ይመዘናል፤ ያውም በሰው ፊት። ጓደኛው በአንድ ቀን የያዘውን እሱ በሳምንቱም አልያዘም። «ሰነፍ»፣ «ልቡ የትም ነው»፣ «ቢፈልግ ይችላል» ይባላል። እኛ ትልልቆቹ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ቢገጥመን በሁለተኛው ሳምንት መልቀቂያ እናስገባለን። እሱ ግን መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ ወይ ይረብሻል፣ ወይ ይቀልዳል፣ ወይ ሆዱን ያመዋል፣ ወይ ጨርሶ መሞከሩን ይተዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ማርቲን ሴሊግማን በ1960ዎቹ መጨረሻ ያሳዩት ነገር አለ። የሚያደርገው ሁሉ ለውጥ እንደማያመጣ ደጋግሞ የተማረ ፍጡር፣ በሩ ሲከፈትለት እንኳ አይወጣም። «አልችልም» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ እዚያ ደርሷል።

ኬቫሌ እና ፎርነስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 የ152 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያዩት የመማር እክል ካለባቸው 4 ልጆች 3ቱ ገደማ ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ከእኩዮቻቸው ተለይተው ታይተዋል። ይህን ቁጥር ሲሰሙ «ስሜት የላቸውም ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲያውም ሊገለበጥ ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራና በ2021 የታተመ ጥናት ዲስሌክሲያ ላለባቸውና ለሌለባቸው ልጆች አጫጭር ቪዲዮ አሳይቶ ፊታቸውን፣ ትንፋሻቸውንና የቆዳቸውን ላብ ለክቷል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ያሳዩት የስሜት ምላሽ የበረታ ነበር። ከእነሱም ስሜታቸው ፊታቸው ላይ ጎልቶ የታየባቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸው እንዳሉት፣ ከሰው ጋር መግባባት ላይ የተሻሉ ናቸው። የጭንቀትና የድብርት ምልክት ይበልጥ የታየባቸውም ግን እነሱው ናቸው። ይህን ሳነብ እርሳሱ ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ስሜት አላነሰውም። እንዲያውም ሞልቶ ፈሶበታል።

ታዲያ ሥልጠናው ምንድን ነው?

መነሻው ቃል ነው። ልጆቻችሁን አዳምጧቸው፤ ለሁሉም ነገር «ደበረኝ» ነው የሚሉት። ትምህርት ቤት እንዴት ነበር? ይደብራል። ለምን አኮረፍክ? ደብሮኝ። ደክሞትም፣ ፈርቶም፣ ርቦትም፣ ተሰድቦም፣ ያው «ደበረኝ» ነው። የመጀመሪያው ሥራ ይህን አንድ ቃል መተርተር ነው። ቅር ብሎህ ነው? ከፍቶህ ነው? ተበሳጭተህ ነው? ወይስ ተናደህ? እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም፤ እንደ ደረጃ ከፍ እያሉ ነው የሚሄዱት። ቅር ያለው ልጅ በአንድ ቃል ይመለሳል። የገነፈለው ልጅ ግን እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል። ልጁ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ መናገር ከቻለ እኛም የምናደርገውን እናውቃለን። ቅናት፣ እፍረት፣ ስጋትና ናፍቆት ደግሞ ለየብቻ ጊዜ ይፈልጋሉ። በተለይ እፍረት። እፍረት አብዛኛውን ጊዜ ንዴት መስሎ ነው የሚወጣው።

አማርኛ እዚህ ላይ ያግዛል፤ ደግሞም ያስቸግራል። ስሜታችንን የምንናገረው በአካላችን ነው። ሆዴ ባሰኝ፣ ደሜ ፈላ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ተሰበረ። ለብዙ ልጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ስሜት ሰውነት ላይ እንደሚቀመጥ ቋንቋው ራሱ ይነግረዋል። ንግግርን እንደወረደ የሚወስድ ልጅ ግን ግራ ይጋባል። አንዲት እናት «ልጄ ሆዱ ብሶታል» ስትል ልጁ አጠገቧ ሆኖ «ኧረ አላመመኝም!» ሲላት ሰምቻለሁ። ስለዚህ አባባሉን መፍታት ያስፈልጋል። «ሆድ ባሰው ማለት ሆዱን አመመው ማለት አይደለም፤ ማልቀስ ማልቀስ ሲልህ ማለት ነው። አንተስ ማልቀስ ሲልህ የት ይታወቅሃል? ጉሮሮህ ላይ? ዓይንህ ላይ?» ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ቃል ፈጥኖ ለማይመጣለት ልጅ ከስሜቱ ስም በፊት ምልክቱን ማግኘት ይቀለዋል። የጆሮ መሞቅ፣ የቡጢ መጨበጥ፣ የሆድ መንቦጫቦጭ።

ስም መስጠት ቁጣውን በእርግጥ ያበርዳል ወይ ለሚል፣ ማቲው ሊበርማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 ያወጣው ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ፣ አደጋን ቶሎ የሚያነፈንፈው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀነሰ። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ነቃ። ሰው «ተናግሬ ወጣልኝ» የሚለው ለካ እንዲሁ አይደለም።

ከቃል ቀጥሎ ቆም ማለት ይመጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ፓትስ» የሚባለው የትምህርት ቤት መርሐ ግብር ነው። ማርክ ግሪንበርግ እና ካሮል ኩሼ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲያዘጋጁት የታሰበው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ነበር። በኋላ ነው ወደ መደበኛና ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍሎች የገባው። ለትንንሾቹ የኤሊ ተረት አለው። ኤሊዋ ስትናደድ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባለች፣ ትተነፍሳለች፣ ምን እንደሆነች ለራሷ ትናገራለች፣ ከዚያ ትወጣለች። ልጆቹም ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው «ኤሊ» ይሆናሉ። ከፍ ላሉት የትራፊክ መብራት ነው። ቀይ ሲሆን ቁም፣ ተረጋጋ። ቢጫ ሲሆን ምን ማድረግ እችላለሁ ብለህ አስብ። አረንጓዴ ሲሆን ሞክረው።

በ2011 ሊያ ካይፐርስ ያወጡት «ዞንስ» የተባለው ሌላው ዘዴም በቀለም ይሠራል፤ ሰማያዊ ለደከመውና ለከፋው፣ አረንጓዴ ለተረጋጋው፣ ቢጫ መቁነጥነጥ ለጀመረው፣ ቀይ ለገነፈለው። ልብ በሉ፤ በአንደኛው ቢጫ «አስብ» ነው፣ በሌላው «ልገነፍል ነው» ነው። ቤት አንዱን፣ ትምህርት ቤት ሌላውን ከተጠቀመ ልጁ ይደናገራል። ቀድሞውንም ምልክቶች የሚምታቱበት ልጅ ነው። ተነጋገሩና አንዱን ያዙ።

ለምን ቀለም፣ ለምን ሥዕል? ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ሐሳብን ለጥቂት ሰከንድ በአእምሯቸው ይዘው መሥራት ይቸግራቸዋል። «መጀመሪያ ተረጋጋ፣ ከዚያ ምን እንደተሰማህ አስብ፣ ከዚያ ጓደኛህን ይቅርታ ጠይቅ፣ ከዚያ ና ንገረኝ» ብትሉት ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ሦስት እርምጃ ይበቃል። ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ይለጠፍ። ደግሞም ልጁ በተረጋጋበት ጊዜ ተለማመዱት። ልጁ ሲገነፍል መተንፈስን ማስተማር፣ ሰው ውኃ ሲወስደው ዋና ማስተማር ነው።

የሌላውን ሰው ስሜት ማንበብስ? ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ አብሮ ማየት ጥሩ ጨዋታ ነው። «ይሄኛው ምን የሆነ ይመስልሃል? ከምኑ አወቅህ?» ነገር ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ሪቻርድ ላቮይ የተባሉት የልዩ ፍላጎት መምህር ያመጡት ዘዴ አለ። የሆነውን ነገር ልጁና አዋቂው ቁጭ ብለው እንደ መካኒክ ይፈቱታል። ምን ልታደርግ ነበር? ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ? ደንቡ አንድ ነው፤ ቁጣም ቅጣትም የለም። ቅጣት ከገባበት ምርመራ ይሆናል፣ ልጁም እንደተከሳሽ ይክዳል። ይህን ስል ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ከወንድሙ ጋር የተፈነካከተን ልጅ «የቱ ጋ ተበላሸ?» ብሎ በረጋ ድምፅ መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥልጠና ይፈልጋል፤ ለእኛ።

አሁን ወደማይወደደው ጥያቄ። ይሠራል?

በጠቅላላው ተማሪ ላይ መልሱ ጥሩ ነው። ደርላክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ግምገማ 213 የትምህርት ቤት መርሐ ግብሮችንና 270 ሺህ ተማሪዎችን አይተዋል። ሥልጠናውን ያገኙት በባሕርይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ውጤትም ተሻሽለው ነው የተገኙት። የመማር እክል ላለባቸው ለብቻ ሲታይ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል። ፎርነስ እና ኬቫሌ በዚያው በ1996 ስለ ማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና የተሠሩ 53 ጥናቶችን ደምረው ያገኙት ለውጥ 0.21 ነው። ይህ ቁጥር በእኛ ቋንቋ ሲመነዘር፣ የሠለጠነ መካከለኛ ልጅ ካልሠለጠኑ 100 ልጆች 58ቱን ይቀድማል ማለት ነው። ባይሠለጥን 50ውን ይቀድም ነበር። ከምንም ይሻላል፤ ግን በዚህ ማንም አይፎክርም።

ለምን አነሰ? ሥልጠናዎቹ አጭር ነበሩ፤ አብዛኞቹ 10 ሳምንት አይሞሉም፣ በሳምንትም 3 ሰዓት ቢሆኑ ነው። እኔ ሌላም የምጠረጥረው አለ። ልጁ ለብቻው ክፍል ይወሰዳል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ፈገግ በምትል አሠልጣኝ ፊት «ስናደድ አሥር እቆጥራለሁ» ይላል። ፈተናውን ያልፋል። ከዚያ ወደ መደበኛው ክፍል ይመለሳል፤ ሳይነገረው «ተነስና አንብብ» ይባላል፣ 40 ልጅ ይስቃል። አሥሩ ቁጥር የት ይገኛል?

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ሥልጠናው እፍረቱ ባለበት ቦታ መሆን አለበት። የቤት ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ የንባብ ሰዓት ላይ፣ የእረፍት ሰዓት ኳሱ ጋ። እፍረቱን የሚፈጥረው ነገር ካልተነካ ደግሞ ሥልጠናው ዝናብ ላይ ወለል መወልወል ነው። መምህሯ ልጁን ድንገት ከማስነሳት ይልቅ ነገ የሚያነባትን አንዲት አንቀጽ ዛሬ ብትሰጠው፣ ከአንድ ወር የትንፋሽ ልምምድ የበለጠ ትረዳዋለች። እህቲቱ «ሰፈር ነው እኮ!» እንዳትል ማድረግም የሥልጠናው አካል ነው።

ጎን ለጎን አንድ ማስጠንቀቂያ። ስሜታዊ ብልህነት ንባብ አያስተምርም። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ድምፅንና ፊደልን ደረጃ በደረጃ፣ በግልጽና በተደጋጋሚ የሚያገናኝ የንባብ ትምህርት ያስፈልገዋል። «ይህን መተግበሪያ ያውርዱ፣ የልጅዎ ስሜታዊ ብልህነት ሲጨምር ንባቡም ይስተካከላል» የሚል ሰው ከመጣ ስልካችሁን ዝጉ። በኢንተርኔት የሚሰጡ «ስሜታዊ ብልህነትዎ 112 ነው» የሚሉ መመዘኛዎችም ለጨዋታ ካልሆነ ለልጅ አይሆኑም። ልጁ ለሳምንታት ከተከፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ ደግሞ ይህ የኤሊ ተረት ጉዳይ አይደለም። ቀን ሳይቆጥሩ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

እኔና ልጁ ቀለሙን ትተን ጆሮውን ያዝን። «ጆሮህ ሲሞቅ ንገረኝ» አልኩት፤ ሌላ ሕግ አልነበረንም። እኔም የራሴን ነገርኩት፦ «እኔ ስበሳጭ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ ስታየኝ አንተም ንገረኝ።» ይህቺን በጣም ወደዳት። ለሦስት ሳምንት ያህል ስለ እግሬ ብቻ ነበር የሚያወራው። ስለ ጆሮው ትንፍሽ አላለም። እርሳስም ሁለቴ ተሰብሯል።

አንድ ማታ አንቀጹ መሃል ላይ ቆመ። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ሞቀ» አለ።

«እሺ። ምን እናድርግ?»

«ውኃ ልጠጣ።»

ሄደ። ማድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። እግሬ መወዛወዝ ጀምሮ ነበር፤ ያዝኩት። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣና ተቀመጠ። ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበና «የቱ ጋ ነበርን?» አለኝ።